ኢናሜል ሳይጎዳ ጥርስ እንዴት ይነጣል

"ጥርስ ማስነጣት ኢናሜል ይበላል ወይ?" ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁሌ ሁለት ጎራ ነው፣ አንዱ "ኧረ ተዉ ጥርሳችሁ ይረግፋል" ይላል፣ ሌላው "ምን ችግር አለው፣ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሎ መፈግፈግ ነው" ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። በደንብ የተሰራ የፐርኦክሳይድ ጄል በልኩና በሰዓቱ ከተጠቀማችሁት ኢናሜሉን አይበላውም፣ ኢናሜል የሚጨርሰው አሲድና ፍትጊያ ነው፣ እነሱ ደግሞ በብዛት ያሉት "ተፈጥሯዊ ነው አይጎዳም" በሚባሉት ነገሮች ውስጥ ነው። ሰውን የሚያሳስተው ህመሙ ይመስለኛል። ጄል ሲቀባ ጥርሱን ይጠዘጥዘውና "በቃ በላኝ" ብሎ ይደነግጣል፣ ሎሚው ደግሞ ለጊዜው ከማጥረስ ውጪ ምንም ስላላደረገው ደህና ነው ብሎ ይቀጥላል፣ ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው።

መጀመሪያ ስለ ኢናሜሉ

ኢናሜል ከላይ የምናየው የጥርሱ ሽፋን ነው፣ ሰውነታችን ውስጥ ከእሱ የሚጠነክር ነገር የለም፣ በክብደት 96 በመቶ አካባቢው ማዕድን ነው፣ ካልሲየምና ፎስፌት የተያያዙበት ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባል ክሪስታል። ውስጡ ነርቭ የለም፣ ደም ስር የለም፣ ህይወት ያለው ሴል የለም። የሰሩት ሴሎች ጥርሱ ድድ ቀዶ ሲወጣ አብረው ያልቃሉ፣ ስለዚህ አንዴ ከሄደ ተመልሶ አይበቅልም። ምራቅ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ፎስፌት ከጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ጋር ሆኖ የለሰለሰውን ገፅ መልሶ ሊያጠነክረው ይችላል፣ ተሸርሽሮ የወጣውን ግን አይተካም።

ነርቭ ስለሌለው ደግሞ ሲሸረሸር አይነግራችሁም። ህመሙ የሚመጣው ስስ ሆኖ ከስሩ ያለው ዴንቲን ሲጋለጥ ነው፣ ያኔ ደግሞ ረፍዷል። ውፍረቱ በመንጋጋ ጥርስ ጫፍ ላይ እስከ 2 ሚሊሜትር ተኩል ይደርሳል፣ ወደ ድዱ ሲወርድ ግን እየሳሳ ሄዶ ያልቃል። ዴንቲን በተፈጥሮው ቢጫ ነው፣ ኢናሜሉ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የጥርሳችን ቀለም በአብዛኛው ከዴንቲኑ ነው የሚመጣው። እና አስቡት፣ ነጭ አደርጋለሁ ብላችሁ በፈገፈጋችሁት ቁጥር ኢናሜሉ እየሳሳ ቢጫው ይበልጥ ፍጥጥ ይላል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የላዩ ቆሻሻ ስለተነሳ ነጣ ያለ ይመስላል፣ ከዛ በኋላ ያለው ኪሳራ ነው።

ጄሉ ምን ያደርጋል

የማንጫ ጄል ውስጥ የሚሰራው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ነው፣ ወይ በቀጥታ ወይ ደግሞ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ በሚባለው መልኩ፣ ካርባማይዱ አፍ ውስጥ ሲፈታ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድና ዩሪያ ይሆናል። ሞለኪውሉ ትንሽ ስለሆነ በኢናሜሉ መሃል ሰርጎ ዴንቲኑ ድረስ ይገባል፣ እዛ ያለውን ቀለም የሚሰጥ ትልልቅ ሞለኪውል ከኦክስጅን ጋር እያዋሃደ ይሰባብረዋል፣ የተሰባበረው ደግሞ ብርሃን እንደበፊቱ ስለማይውጥ ጥርሱ ፈካ ይላል። ማለትም ምንም ነገር ከጥርሱ ላይ አልተፋቀም፣ የውስጡ ቀለም ነው የተለወጠው።

ይሄው መስረግ ነው እንግዲህ የመጠዝጠዙም ምክንያት፣ ፐርኦክሳይዱ በደቂቃዎች ውስጥ ነርቩ ጋ ይደርሳል፣ ነርቩ ይቆጣል፣ ቀዝቃዛ ነገር ስትጠጡ አንዳንዴም ዝም ብላችሁ በተቀመጣችሁበት ጥርት ያለ ውጋት ይመጣል። ደስ አይልም ግን የኢናሜል መበላት ምልክት አይደለም፣ ስታቆሙት በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል።

አይጎዳም ሲባል ግን ሁሉም ጄል አንድ ነው ማለት አይደለም። ላብራቶሪ ውስጥ ጠንካራ ኮንሰንትሬሽን ወይም አሲዳማ ጄል ሲሞከር የኢናሜሉ ገፅ ጥንካሬ ሲቀንስ ታይቷል፣ ምራቅ ባለበት ደግሞ መልሶ ሲያገግም። 10 በመቶ ካርባማይድ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ገለልተኛ የሆነ፣ ሰው አፍ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሲሰራበት ኢናሜል ላይ ይሄ ነው የሚባል ጉዳት አላመጣም። የዚህ ታሪኩም ትንሽ ያስቃል፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ለድድ ቁስል ማከሚያ ተብሎ ትሬይ (ጥርስ ላይ የሚገጠም የጄል መያዣ) ውስጥ እየተደረገ ሲሰጥ ድዱን ለማከም የመጡት ሰዎች ጥርሳቸው ነጥቶ ተገኘ፣ በ1989 ደግሞ ሃይውድና ሄይማን የሚባሉ ሁለት ሀኪሞች ሌሊት ትሬይ አድርጎ ማንጣትን በፅሁፍ አወጡት፣ እስካሁንም ብዙ ሀኪም የሚተማመንበት መንገድ እሱ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ቀጥታ ወደ ጄል አትሂዱ። መጀመሪያ ጥርስ ሀኪም ጋ ሄዳችሁ ታዩ፣ ታጠቡ። ግማሹ ሰው ቢጫ ነው የሚለው ጥርስ ላዩ ላይ የተጋገረ ቆሻሻና የሻይ፣ የቡና፣ የሲጋራ እድፍ ነው፣ ያ በእጥበት ይነሳል፣ ከታጠቡ በኋላ "በቃ ይሄ ይበቃኛል" የሚሉ ብዙ ናቸው። ሀኪሙ የሚያየው ሌላው ነገር የተቦረቦረ ጥርስ፣ ጠርዙ የለቀቀ ሙሌት፣ የተሰነጠቀ ጥርስና የሸሸ ድድ መኖሩን ነው። በቀዳዳ በኩል የገባ ጄል ነርቩን በቀጥታ ነው የሚያገኘው፣ የዛ ህመም ከተራው መጠዝጠዝ ጋር አይወዳደርም። ድዱ ሸሽቶ ስሩ የተጋለጠ ጥርስ ላይም እንደዛው፣ ስሩ ኢናሜል የለውም፣ ደግሞም ስር በጄል አይነጣም፣ ስለዚህ ትርፉ ህመም ብቻ ነው።

ቀለሙንም እዩት። ወደ ቢጫ የሚያደላ ጥርስ በደንብ ይነጣል፣ ወደ ግራጫ ያደላ ደግሞ ይዘገያል። በልጅነት በተወሰደ ቴትራሳይክሊን በሚባል አንቲባዮቲክ የጠቆረ ጥርስ በወራት እንጂ በሳምንታት አይለወጥም፣ በፍሎራይድ ብዛት ቡናማ ወይም ነጫጭ ነጥብ ያወጣ ጥርስም ጄሉ ብቻውን ላያስተካክለው ይችላል፣ ነጩ ነጥብ መጀመሪያ ላይ እንደውም ይበልጥ ይጎላና ነው በኋላ የሚረጋጋው። ከሁሉም መሃል አንድ ጥርስ ብቻውን ጠቁሮ ካያችሁ ግን ቁሙ፣ ያ ጥርስ ድሮ ተመቶ ነርቩ ሞቶ ሊሆን ይችላል፣ ራጅ ያስፈልገዋል፣ እሱን ከላይ ማንጣት ችግሩን መሸፈን ነው።

ክራውን (ጥርሱን ሙሉ የሚሸፍን ሰው ሰራሽ ቆብ)፣ ቬኒር (የጥርስ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን)፣ ሙሌት፣ ሰው ሰራሽ ጥርስ አይነጡም፣ አራት ነጥብ። የፊት ጥርሳችሁ ላይ ክራውን ካለ ዙሪያው ሲነጣ እሱ በድሮ ቀለሙ ተገትሮ ይቀራል፣ ይሄን ቀድሞ ማሰብ ነው። ነፍሰጡር የሆነች ወይም የምታጠባ ሴት ብታቆየው ይሻላል፣ ጉዳት ተገኝቶ ሳይሆን የሚያስቸኩል ነገር ስለሌለ ነው። ልጆች ላይ ደግሞ ነርቩ ትልቅ ስለሆነ ይበልጥ ያማል፣ በአውሮፓ ህብረት ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው የተከለከለ ነው። ቃር የሚያስቸግረው ሰውም መጀመሪያ ቃሩን ይታከም፣ የጨጓራ አሲድ አፍ ድረስ እየመጣ ከሆነ ኢናሜሉን ቀድሞውኑ እያሳሳው ነው።

ኢናሜላችሁ አስቀድሞ የሳሳ መሆኑን በመስታወት ማየት ይቻላል። በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ቁሙና ከንፈራችሁን ገልጣችሁ የፊት ጥርሳችሁን በናፕኪን አድርቁት፣ ጫፉ መስታወት ነገር ሆኖ ከጀርባው የሚያሳይ፣ ሰማያዊ ግራጫ የሚመስል ሰፋ ያለ መስመር ካለው፣ ገፁ ላይ የነበሩት ጥቃቅን መስመሮች ጠፍተው እንደተወለወለ ካብለጨለጨ፣ የመንጋጋ ጥርሳችሁ ጫፎች ላይ ትንንሽ ጎድጎድ ያሉ ቢጫ ነጥቦች ካሉ፣ በተለይ ደግሞ የድሮ ሙሌታችሁ ከጥርሱ በላይ ከፍ ብሎ ከቆመ፣ ሙሌቱ አላደገም፣ ዙሪያው ያለው ጥርስ ነው የወረደው። እንደዚህ ከሆነ ማንጣቱን ተዉትና የሚሸረሽረው ምን እንደሆነ ከሀኪም ጋር ፈልጉ።

ፓኬቱ ላይ ምን ይነበባል

ሰው የሚያየው ፐርሰንቱን ብቻ ነው፣ እሱንም ብዙዎች በተሳሳተ መንገድ ነው የሚያዩት። 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ማለት 3.5 በመቶ አካባቢ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ነው፣ 16 በመቶው ወደ 6 ይጠጋል፣ 35 በመቶ ካርባማይድ ደግሞ 12 ገደማ ነው። ስለዚህ "35" የሚል ቁጥር አይታችሁ የቱ ፐርኦክሳይድ እንደሆነ ካላነበባችሁ ሶስት እጥፍ ልትሳሳቱ ትችላላችሁ፣ 35 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ክሊኒክ ውስጥ ድድ ተሸፍኖ የሚቀባ ነገር ነው፣ ቤት ውስጥ የሚነካ አይደለም። መለኪያ ከፈለጋችሁ የአውሮፓ ህብረት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሀኪም የሚሸጠውን 0.1 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ላይ ገድቦታል፣ ከዛ በላይ እስከ 6 በመቶ ያለው በጥርስ ሀኪም በኩል ብቻ ነው የሚሰጠው፣ የእያንዳንዱ ዙር የመጀመሪያው አጠቃቀም በሀኪሙ እጅ ወይም ክትትል ሆኖ።

ከፐርሰንቱ እኩል፣ እኔ እንደውም በላይ የምለው፣ ፒኤቹ ነው። ኢናሜል ከ5.5 አካባቢ በታች ያለ አሲድ ሲነካው ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል፣ የተጋለጠ ስር ደግሞ ከዛም ቀድሞ ነው የሚለቀው። ችግሩ ፐርኦክሳይድ አሲዳማ ሲሆን ነው መደርደሪያ ላይ ብዙ የሚቆየው፣ ስለዚህ አንዳንድ አምራች እንዳይበላሽበት ብሎ ፒኤቹን ዝቅ አድርጎ ያሽገዋል። ጥሩዎቹ ወይ ገለልተኛ ናቸው ወይ በሁለት ቱቦ ለየብቻ መጥተው አፍ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ነው የሚቀላቀሉት። ፓኬቱ ላይ ገለልተኛ ፒኤች የሚል ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ፋርማሲስቱን ወይ ሀኪሙን ጠይቁ፣ ማንም የማያውቀው ከሆነ፣ ምን እንዳለበትና ስንት ፐርሰንት እንደሆነ የማይፅፍ ከሆነ፣ "ፕሮፌሽናል" ምናምን የሚል ፅሁፍ ብቻ ከሆነ ያለው አትግዙት። "ፐርኦክሳይድ የሌለው" የሚል ማስታወቂያም ማረፊያ አይሁናችሁ፣ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ያለበት ምርት አለ፣ እሱ አሲዳማ ስለሆነ ገፁን ያበላሻል፣ ከተጠቀሙ በኋላ ጥርስ ሻካራ ሆኖ ቶሎ ቶሎ እድፍ የሚይዝባቸው ሰዎች አሉ።

የቱን መንገድ

ክሊኒክ ውስጥ የሚሰራው ፈጣን ነው፣ ከ25 እስከ 40 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይቀባል፣ ድዱ በመከላከያ ይሸፈናል፣ በአንድ ቀን ልዩነት ይታያል። የሚጠዘጥዘውም እሱ ነው በብዛት። ስትወጡ የምታዩት ንጣት ደግሞ ሙሉው የእናንተ አይደለም፣ አፋችሁ ተከፍቶ ስለቆየ ጥርሱ ደርቋል፣ የደረቀ ጥርስ ነጭ ይመስላል፣ በቀን በሁለት ቀን እርጥበቱ ሲመለስ ትንሽ ይወርዳል፣ አትናደዱ። ሰማያዊ መብራቱ ላይ ብዙ አትመኩ፣ በኋላ ላይ ሲለካ መብራት በተደረገለትና ባልተደረገለት መካከል ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አይታይም፣ የሚሞቅ መብራት ከሆነ እንደውም ነርቩን ያስቆጣዋል። ስልክ ላይ የሚሰካው ትንሹ የኤልኢዲ መብራትማ ለፎቶ ነው የሚሆነው።

ሀኪም አፋችሁን ለክቶ በሚሰራው ትሬይ ቤት የሚደረገው ቀርፋፋ ነው ግን ለኢናሜልም ለነርቭም ለኪስም የተሻለው እሱ ነው ባይ ነኝ። ስትሪፕም (ጄል የተቀባበት ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ስስ ፕላስቲክ) ይሰራል፣ ትክክለኛ ምርት ከሆነና መመሪያው ላይ ካለው ደቂቃ ካላለፋችሁ፣ ችግሩ ቀጥ ያለ ፕላስቲክ ስለሆነ የተደራረበ ጥርስ መሃል አይገባም፣ ድዱንም ይነካል። በሁሉም አፍ ይገባል የሚባለው የተዘጋጀ ላስቲክ ትሬይ ደግሞ በማንም አፍ በትክክል አይገባም፣ ጄሉ እየፈሰሰ ድድና ጉሮሮ ይደርሳል። የሚያነጣ የጥርስ ሳሙና የሚባለው ላዩን እድፍ ነው የሚያነሳው፣ አንዳንዱ ሰማያዊ ቀለም ስላለው ለጥቂት ሰዓት ነጭ ያስመስላል፣ ያ ምንም አይጎዳም፣ ሻካራ የሆነውን ግን ቀን ከሌት አትጠቀሙበት።

አደራረጉ

ከመጀመራችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ፖታሲየም ናይትሬት 5 በመቶ ያለበት ለሚጠዘጥዝ ጥርስ የሚሆን ሳሙና ጀምሩ፣ ፍሎራይድም ያለው ቢሆን ይመረጣል። ይሄን ሰው ካመመው በኋላ ነው የሚገዛው፣ ቀድሞ ሲጀመር ነው ግን የሚጠቅመው። በዛው ፎቶ አንሱ፣ መስኮት አጠገብ፣ ጥርሳችሁ በምራቅ እንደረጠበ፣ ሁሌ በዛው ቦታና ሰዓት፣ ያለዚያ ለውጡን በትዝታ ስትገምቱት "ምንም አልነጣም" ብላችሁ መጠኑን መጨመራችሁ አይቀርም።

ማታ በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ ታጠቡ፣ በጥርስ መሃል ክር አሳልፉ፣ ድድ እስኪደማ አይደለም። ትሬዩ ደረቅ ይሁን። ጄሉን ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ለፊት በሚሆነው ግድግዳ ላይ የሩዝ ፍሬ ታክል አድርጉ፣ በቃ ያቺው ናት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ሳሙና አትዘርጉት። ትሬዩን ስታስገቡ በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑት፣ በድዱ ጠርዝ በኩል ፊጭ ብሎ የሚወጣ ጄል ታያላችሁ፣ እሱን ወዲያው በጣት ወይ በደረቅ ጥጥ ጥረጉት፣ ምክንያቱም ድዱን የሚያቃጥለው እሱ ነው። ብዙ ከወጣ መጠኑ በዝቷል፣ በሚቀጥለው ቀንሱ። ድዱ ጠርዝ ላይ ነጭ ሆኖ ቢቆጠቁጣችሁ አውጡትና በውሃ ተጉመጥመጡ፣ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ወደ ቀለሙ ይመለሳል፣ እስኪድን ግን አትድገሙ። ጄሉን አትዋጡ፣ ትሬዩ አፋችሁ ውስጥ እያለ አታጭሱ።

የሚቆይበት ሰዓት እንደ ጄሉ ነው፣ 10 በመቶ ካርባማይድ ቀስ ብሎ ስለሚፈታ ለሁለት ሰዓትም ለሌሊቱም ይሆናል፣ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ግን ቶሎ ስለሚጨርስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይበቃዋል፣ ከዛ በላይ ማቆየት ንጣት አይጨምርም። ዋናው ሀኪሙ ወይ መመሪያው ያለው ነው። ስታወጡት ተጉመጥመጡ፣ ትሬዩን በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፣ ሙቅ ውሃ ቅርፁን ያበላሸዋል። ወዲያው በብሩሽ መፈግፈግ አያስፈልግም፣ ምራቁ ስራውን ይስራ። በ10 በመቶው ብዙ ሰው በሁለት ሳምንት አካባቢ የሚነጣውን ያህል ይነጣል።

ከዛ በኋላ ባለው አንድ ሁለት ሰዓት ሎሚነት ያለውና ጋዝ ያለበት መጠጥ ተዉ፣ ሻይና ቡናም ቢዘገይ ጥሩ ነው፣ ለሁለት ሳምንት ነጭ ምግብ ብቻ ብሉ የሚለው ግን የተጋነነ ነው፣ ራስን ማስራብ ነው።

ሲጠዘጥዝ

አንድ ቀን ዝለሉ፣ ሁለት ቀንም ቢሆን። ሌሊቱን ሙሉ ከነበረ ወደ ሁለት ሰዓት አውርዱት፣ ወይም ቀን እየዘለላችሁ አድርጉት፣ መጨረሻ ላይ የምትደርሱበት ቀለም ያው ነው፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ። ያንኑ የፖታሲየም ናይትሬት ሳሙና ትሬዩ ውስጥ አድርጋችሁ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ መያዝ ብዙ ሰው ይረዳል፣ ፖታሲየሙ ነርቩን ያረጋጋዋል። የሚያስቸግረው አንድ ጥርስ ብቻ ከሆነ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ህመም ከሆነ፣ ሙቅ ነገር ሲነካው የሚብስ ከሆነ፣ ወይ ካቆማችሁ ሁለት ሳምንት አልፎም ካለ ያ ከጄሉ ላይሆን ይችላል፣ ሂዱና አሳዩት።

ቤት ውስጥ የሚሞከሩት

ሎሚ። ፒኤቹ 2 አካባቢ ነው፣ ኢናሜል ከሚችለው በጣም የወረደ፣ ጥርስ ላይ ሲቀባ ገፁን ያለሰልሰዋል፣ ያንን የለሰለሰ ገፅ በብሩሽ ስትፈገፍጉት ተነስቶ ነው የሚሄደው። የሚያጠርሰው ስሜት በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል፣ የሄደው ኢናሜል ግን ሄዷል። ኮምጣጤም፣ እንጆሪ ፈጭቶ መቀባትም እዛው ናቸው።

ቤኪንግ ሶዳ ብቻውን ስሙ ከሚጠፋው በላይ ደህና ነው፣ በጥርስ ሳሙና የሻካራነት መለኪያ 7 አካባቢ ነው የሚያወጣው፣ የላይኛው ገደብ ተብሎ የተቀመጠው 250 ነው፣ አሲድም አይደለም። ላዩን እድፍ ያነሳል፣ የውስጥ ቀለም አይነካም፣ ፍሎራይድ ስለሌለው ደግሞ ሳሙናን አይተካም። ከሎሚ ጋር ሲቀላቀል ግን ያ አረፋ ሰውን ያታልላል፣ እየሰራ ይመስላል፣ አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ሁለቱ እርስ በርስ ከተጠፋፉ የሚያነጣ ነገር አይቀርም፣ ሎሚው ከበዛ ደግሞ የሚቀረው አሲድ ነው፣ እሱን ነው እንግዲህ የሚፈገፍጉት።

ከሰል ላይ በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የጥርስ ሀኪሞች ማህበር መፅሔት ላይ የወጣ ዳሰሳ ይሰራል ወይም አይጎዳም ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ደምድሟል። የከሰል ዱቄት ሸካራነቱ ከምርት ምርት ይለያያል፣ ብዙዎቹ ፍሎራይድ የላቸውም፣ ጥቁሩ ደግሞ በሙሌት ጠርዝና በስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። አመድም ጨውም ከዚህ የተሻሉ አይደሉም። ለቁስል የሚሸጠውን ፐርኦክሳይድ በጥጥ ጥርስ ላይ መቀባትም ትርፍ የለውም፣ ውሃ ስለሆነ ጥርሱ ላይ አይቆይም፣ ሲፈስ የሚያገኘው ድዱን ነው።

መቼ ይቆማል፣ መቼ ይደገማል

ጥርስ የሚነጣበት ወሰን አለው፣ እዛ ከደረሰ በኋላ የሚጨመር ጄል ቀለሙን አይለውጥም። የዓይናችሁን ነጭ አስተያዩት፣ ጥርሱ ከሱ ጋር ከተቀራረበ አቁሙ። ከዛ አልፎ የሚቀጥል ሰው ጥርሱ ጠርዙ ላይ ሰማያዊነት እያመጣ፣ እንደ ጠመኔ ድርቅ እያለ ይሄዳል፣ ሰውየው ደግሞ ገና አልነጣም ይላል፣ ይሄ ነገር ሱስ ይሆናል በእርግጥ። ቀለሙ ብዙ ሰው ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል፣ ሲጋራና ቡና የሚያበዛ ሰው ቀድሞ ይመለስበታል፣ ያኔ ሙሉውን ዙር ሳይሆን ሁለት ሶስት ሌሊት መድገም ይበቃል፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ አይደለም።

የፊት ጥርስ ላይ ያለ ሙሌት የምታስቀይሩ ከሆነ ወይም የጥርስ ሽቦ የምታስሩ ከሆነ ካቆማችሁ በኋላ ሁለት ሳምንት ጠብቁ፣ ጥርሱ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ማጣበቂያው በደንብ እንዳይደርቅ ያደርገዋል፣ ቶሎ ከተሰራ ይለቃል። ቀለሙም በነዚህ ሁለት ሳምንታት ነው የሚረጋው፣ ሀኪሙ ሙሌቱን የሚያመሳስለው ከረጋው ቀለም ጋር ስለሆነ የተጠቀማችሁትን ጄል ስምና ፐርሰንት፣ የመጨረሻውን ቀን ጨምራችሁ ንገሩት።